ናቹራል ወይስ ሶሻል? ከ600 ነጥብ ግማሹ አይለያይም

«ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። የመጀመሪያ ልጄ 10ኛ ክፍል ናት፤ ዓመቱ ሲያልቅ ናቹራል ወይም ሶሻል መምረጥ አለባት። እሷ ‹ሎጂስቲክስ ተምሬ ነፃ ንግድ ቀጠናው ውስጥ እሠራለሁ› ትላለች። አባቷ ደግሞ ‹ሒሳብ የምትችል ልጅ ሶሻል ገብታ ምን ልትሆን ነው? ሐኪም ትሆናለች› ብሎ ቆርጧል። የአንደኛ ሴሚስተር ካርዷ ሒሳብ 81፣ ባዮሎጂ 77፣ ኬሚስትሪ 63፣ ፊዚክስ 58፣ ኢኮኖሚክስ 79፣ ጂኦግራፊ 74፣ ታሪክ 70፣ እንግሊዝኛ 62 ይላል። ጓደኞቿ በሙሉ ናቹራል ነው የሚሉት። ለአስጠኚ ያለን ገንዘብ የሚበቃው ለሁለት ትምህርት ብቻ ነው። ለየትኞቹ እናውለው? ምርጫውንስ እንዴት እንወስን?»

የ10ኛ ክፍል ተማሪ እናት

እህታችን፣ አብሽሩ፤ ይህ ካርድ የሚዘጋው በር የለም። ቤታችሁ ያለው ክርክር ግን ከቆመበት ትንሽ ፈቀቅ ማለት አለበት።

የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ስድስት ትምህርት ነው። እያንዳንዱ ከ100 ይታሰባል፤ ድምሩ 600። ከስድስቱ ሦስቱ፣ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብና አፕቲትዩድ፣ በሁለቱም በኩል አሉ። ናቹራል የገባ በእነዚህ ላይ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪና ባዮሎጂ ይፈተናል፤ ሶሻል የገባ ጂኦግራፊ፣ ታሪክና ኢኮኖሚክስ። እንግዲህ አባትና ልጅ የሚከራከሩት ስለ 300 ነጥብ ነው። ሌላው 300 የትም ብትገባ ይጠብቃታል።

ይህን ለባለቤትዎ በወረቀት አስልተው ያሳዩት። ከ2014 ዓ.ም. ጀምሮ ዩኒቨርሲቲ ለመግባት ከጠቅላላው ነጥብ ግማሹ ሲጠየቅ ቆይቷል፤ ከ600 ሲታሰብ 300 ነው። አንዲት ልጅ በእንግሊዝኛ 55፣ በሒሳብ 62፣ በአፕቲትዩድ 60 ካመጣች 177 ይዛለች። ከቀሩት ሦስት ትምህርቶች የሚቀራት 123 ነው፤ ለእያንዳንዱ 41 ይደርሳል። በእንግሊዝኛ 40፣ በሒሳብ 35፣ በአፕቲትዩድ 45 ያመጣችዋ ግን 120 ላይ ናት፤ ከእያንዳንዱ ቀሪ ትምህርት 60 ካላመጣች አትደርስም። በዚህ ፈተና 60 ማምጣት ደግሞ ቀልድ አይደለም። ፈተናው በዩኒቨርሲቲ ግቢዎች መሰጠት ከጀመረ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ተፈታኞች በአገር ደረጃ በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ነበሩ።

አፕቲትዩድ ትምህርት ቤት ውስጥ ክፍለ ጊዜ የለውም። ከፊሉ የቃላትና የንባብ፣ ከፊሉ የቁጥርና የምክንያት ጥያቄ ስለሆነ የሚቆመው በእንግሊዝኛና በሒሳብ ላይ ነው። ስለዚህ እንግሊዝኛዋ ከ62 ከፍ ሲል አንድ ትምህርት ብቻ አይደለም የሚነሳው። ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ ፊዚክሱም፣ ኢኮኖሚክሱም የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ነው። የመጀመሪያው አስጠኚ የእንግሊዝኛ ይሁን፤ በዚህ ላይ አናመነታም። ሁለተኛውን ለመወሰን ግን ገንዘቡን ለጊዜው ያዙት፤ አንድ ነገር መፈተሽ ይቀራል።

የሚፈተሸው ካርዱ ራሱ ነው። በካርድ ላይ የሚታየው 81 የደብተር፣ የቡድን ሥራ፣ የቤት ሥራ፣ የተሳትፎና የፈተና ድምር ነው። በካርዳቸው 85 የነበራቸው ልጆች በብሔራዊ ፈተና 40 ሲያመጡ ወላጅ ይደነግጣል፤ ልጁ የሰነፈ ይመስለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ልጁ አልሰነፈም፤ በካርዱ ላይ ያለው ነጥብ ብቻውን ቁጭ ብሎ ከሚሠራው ፈተና የመጣ አልነበረም። ትምህርት ቤት ሄደው የክፍል ኃላፊዋን ያነጋግሩና የእያንዳንዱን ትምህርት የፋይናል ውጤት ብቻ ለይተው ይጻፉ። የ9ኛ ክፍል ሁለቱን ሴሚስተሮችም ይጨምሩ። ፋይናሉ ከ50 የሚታረም ከሆነ በሁለት ያባዙት፣ ከ40 ከሆነ በሁለት ተኩል። ሦስት ሴሚስተር ጎን ለጎን ሲቀመጥ የትኛው እየወጣ፣ የትኛው እየወረደ እንደሆነ ይታያል። የፋይናል ውጤቱ ከካርዱ ከ15 ነጥብ በላይ ዝቅ ያለበት ትምህርት ካለ ካርዱን አትመኑት። ሒሳቧም እንዲህ ሆኖ ከተገኘ፣ ሁለተኛው አስጠኚ የሒሳብ ነው፤ ክርክር የለውም።

ሒሳቧ በፋይናልም 70ና ከዚያ በላይ ከሆነ ግን ዓይናችን ወደ ፊዚክስ ይሄዳል። ፊዚክስ 58 የሆነበት ምክንያት ሦስት ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒታቸውም ይለያያል። ከ9ኛና ከ10ኛ ክፍል መጽሐፍ ስለ እንቅስቃሴ፣ ስለ ኃይልና ስለ ኤሌክትሪክ አሥር የስሌት ጥያቄዎች ይመረጡ። መጽሐፍ ዘግታ፣ በአንድ ሰዓት፣ አሠራሯን ሁሉ እያሳየች ትሥራ። የሚታየው መልሱ ሳይሆን የቆመችበት ቦታ ነው።

ለምሳሌ፦ በሰዓት 72 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ፍሬን ይዞ 40 ሜትር ላይ ቆመ፤ ፍጥነቱ በየሰከንዱ ስንት እየቀነሰ ነው? መጀመሪያ 72ን ወደ ሜትር በሰከንድ መቀየር አለባት፤ 20 ይሆናል። ቀጥሎ ጊዜ እንዳልተሰጣት አይታ፣ ጊዜ የሌለበትን ቀመር መምረጥ አለባት። ከዚያ ቀመሩን ገልብጣ የ20ን ስኩዌር፣ 400ን፣ ለ40 እጥፍ፣ ለ80፣ ታካፍላለች፤ 5 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር ነው። ጥያቄውን ሁለት ሦስት ጊዜ አንብባ ምን እንደተጠየቀች ካልገባት ችግሩ እንግሊዝኛ ነው፤ የቀጠራችሁት አስጠኚ ይደርስበታል። ቀመሩን በትክክል መርጣ፣ 72ን ሳትቀይር ከገባች ወይም ቀመሩን መገልበጥ ካቃታት ችግሩ የአልጀብራ ልምምድ ነው፤ በየቀኑ 30 ደቂቃ ብትሠራ ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ውስጥ ይስተካከላል፤ አስጠኚም ላያስፈልግ ይችላል። የትኛውን ቀመር ለምን እንደምትመርጥ ካላወቀች፣ ቁጥር ባየችበት ሁሉ የምታስታውሰውን ቀመር የምትሰካ ከሆነ፣ የጎደለው የፊዚክሱ ሐሳብ ነው። ይህ ጊዜ ይፈልጋል፤ 11ኛ ክፍል ሲገቡ ደግሞ ቬክተሩ፣ የሁለት አቅጣጫ እንቅስቃሴው፣ ዳይናሚክሱ በዚህ ላይ ነው የሚደረደረው። ናቹራል ገብተው በ11ኛ ክፍል መጀመሪያ ወራት የሚንገዳገዱት ልጆች ብዙዎቹ ይህን ሦስተኛውን ጉድለት ይዘው የገቡ ናቸው።

አሁን ወደ ልጅቷ ሕልም እንምጣ፤ እኛ እንደምናየው የደብዳቤዎ ትልቁ ነገር እዚህ ላይ ነው። «ሎጂስቲክስ» የሚባል አንድ ሥራ የለም። ነፃ ንግድ ቀጠናው በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ከተመረቀ፣ የኤሌክትሪኩ የጅቡቲ ባቡርም ከ2010 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ድሬ ውስጥ የልጆች ሁሉ አፍ ላይ ያለ ቃል ሆኗል። ነገር ግን ከቃሉ ሥር ቢያንስ ሦስት የማይመሳሰሉ ሥራዎች አሉ፤ የሚጠይቁት ትምህርትም ሌላ ሌላ ነው።

አንደኛው የሰነድና የጉምሩክ ሥራ ነው፤ ሰዉ ትራንዚተር የሚለው። ሙሉ ቀን ወረቀት ነው፦ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ቢል ኦፍ ሎዲንግ፣ የስሪት አገር ማረጋገጫ፣ ዲክላራሲዮን። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፤ በአንዱ ላይ የተጻፈው ክብደት ከሌላው ጋር ካልተስማማ ዕቃው ይቆማል፤ የቆመ ዕቃ ደግሞ በየቀኑ ያስከፍላል። ከዚያ ስሌቱ አለ። ዋጋው፣ ኢንሹራንሱና ማጓጓዣው ተደምሮ 500,000 ብር የሆነ ዕቃ ቀረጡ 20 በመቶ ቢሆን 100,000 ብር ይከፈልበታል። ኤክሳይዝ የሌለበት ዕቃ ነው እንበል። ተጨማሪ እሴት ታክሱ 15 በመቶ ነው፤ የሚታሰበው ግን ከ500,000 ሳይሆን ቀረጡ ከተጨመረበት ከ600,000 ላይ ነው፤ 90,000 ብር። ከ500,000 ላይ ያሰላ ሠራተኛ 75,000 ብሎ 15,000 ብር አጉድሏል። ዕቃው የሚመደብበት ኤችኤስ ኮድ ሲሳሳት ደግሞ ቀረጡ ራሱ ይለወጣል። እዚህ ሥራ ላይ የሚያበላው የፐርሰንት ስሌት፣ ንባብና ጥንቃቄ ነው። መንገዱ በሶሻል በኩል ነው፦ ሎጂስቲክስና ሰፕላይ ቼይን፣ አካውንቲንግ፣ ኢኮኖሚክስ፣ ማኔጅመንት። በራሷ ስም የጉምሩክ አስተላላፊ ሆና ልትሠራ ካሰበች ከዲግሪው ሌላ የጉምሩክ ኮሚሽን ፈቃድ እንደሚጠየቅ ከአሁኑ ትወቅ።

ሁለተኛው የዕቅድና የመጋዘን ሥራ ነው፦ ስንት ኮንቴነር በየትኛው ቀን ይግባ፣ ስንት መኪና ይላክ፣ ምን ያህል ዕቃ በክምችት ይያዝ። ይህ በሒሳብ ጎበዝ ለሆነች ልጅ የተሠራ ነው። 12ኛ ክፍል ሒሳብ ውስጥ ሊኒየር ፕሮግራሚንግ የሚባል ምዕራፍ አለ፤ ባለን ገደብ ውስጥ ወጪ የሚያንስበትን ወይም ትርፍ የሚበዛበትን ነጥብ መፈለግ ነው። የመኪና ስምሪት የሚያወጣ ሰው ጠዋት ቢሮ ገብቶ የሚያስበው ይህንኑ ነው። ስታቲስቲክሱም፣ ለንግድ የሚውለው ሒሳብም እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። «ሶሻል የሚገባ ከሒሳብ ይገላገላል» የሚለው ወሬ ብዙ ልጅ አሳስቷል፤ ካልኩለስ ሳይቀር ይጠብቀዋል። ባለቤትዎ ሒሳብ የምትችል ልጅ ሶሻል ገብታ ትባክናለች ብለው ከፈሩ፣ እኛ የምናየው ተቃራኒውን ነው። ሒሳብን ሽሽት በገቡ ልጆች መካከል ሒሳብ የምትወድ ልጅ ብልጫዋ ትልቅ ነው፦ በፈተናውም፣ በኋላ በኢኮኖሚክስና በአካውንቲንግ ክፍሎችም።

ሦስተኛው የማሽኑ ሥራ ነው፦ የባቡሩ ኤሌክትሪክና ሲግናል፣ የክሬንና የፎርክሊፍት ጥገና፣ የማቀዝቀዣ መጋዘን፣ የመጋዘን ሶፍትዌር። ይህ በኤሌክትሪካል፣ በሜካኒካልና በኮምፒውተር ትምህርት የሚገኝ ስለሆነ መንገዱ ናቹራል ነው፤ ወይም ቴክኒክና ሙያ። ከሶሻል ወደ ምህንድስናም ሆነ ወደ ሕክምና የሚወስድ መንገድ የለም፤ ምርጫው ላይ ቁልፉ ያለው እዚህ ብቻ ነው።

ስለዚህ ልጅዎን «ሎጂስቲክስ ትወጃለሽ?» ብለው አይጠይቋት፤ አዎ ነው የምትለው። ከሦስቱ የትኛውን እንደሆነ ታይ። ከዚራ አካባቢ ካሉት የትራንዚት ቢሮዎች አንዱ ጋ፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት አስተዋውቋት፣ ግማሽ ቀን ብትቀመጥ ብዙ ትማራለች። እዚያ ላገኘችው ሠራተኛ የምታቀርበው ጥያቄ «ሥራው ጥሩ ነው?» አይሁን። «ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ሠሩ? ከተማሩት ትምህርት በዚህ ሳምንት የትኛውን ተጠቀሙ? አዲስ የሚቀጠሩ ልጆች ምን ላይ ይወድቃሉ? እርስዎ የገቡት በምን የምስክር ወረቀት ነው?» ትበል። መልሱን እዚያው ትጻፍ። አንድ መጋዘን ወይም ጋራዥ፣ አንድ የጤና ተቋምም በተመሳሳይ ጥያቄ ትይ፤ የአባቷ ሐሳብ ሳይመረመር ከቀረ ቤት ውስጥ ሰላም አይኖርም።

ስለ ሕክምናው ለባለቤትዎ በአክብሮት የምንለው አለ። 300 ማምጣት ግቢ ያስገባል እንጂ ሕክምና አያስገባም። ናቹራል የገባች ልጅ መጀመሪያ 300ን ታልፋለች፣ ከዚያ ፍሬሽማን፣ ማለትም የመጀመሪያ የዩኒቨርሲቲ ዓመቷን፣ ትጨርሳለች፣ ከዚያ በውጤት ትወዳደራለች። እዚያ ውድድር ላይ የሚገኙት በሁሉም ትምህርት የበረቱ ልጆች ናቸው፤ ባዮሎጂ 77 ብቻውን አይበቃም፣ ኬሚስትሪ 63ም መነሳት አለበት። ትምህርቱ ራሱ ከሁሉም ረጅሙ ነው። ይህን ሁሉ ልጅቷ ራሷ ከፈለገችው የሚቻል ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ቅርባችን፣ ሐረር ነው ያለው፤ ተማሪዎቹ ሕይወት ፋና ሆስፒታል ነው የሚለማመዱት። አባትና ልጅ አንድ ቅዳሜ አብረው ወጥተው ሁለት ሦስት ተማሪ ቢያነጋግሩ ቤት ውስጥ ወር ሙሉ ከመከራከር ይሻላል። ጤና ማለትም ሐኪም ብቻ አይደለም፦ ነርስነት፣ ፋርማሲ፣ ላቦራቶሪ፣ አዋላጅነት አለ። ልጅቷ ከእነዚህ አንዱም የማይስባት ከሆነ ግን «በር ሰፊ ነው» ተብሎ ብቻ ናቹራል መግባት አያዋጣም። ሰፊ በር የሚጠቅመው በውስጡ ለሚያልፍ ነው።

ውሳኔው በግንቦት ወር፣ ከስሜት ሳይሆን ከሙከራ ይውጣ። የ11ኛ ክፍል መጻሕፍት በፒዲኤፍ ከስልክ ስልክ ይዘዋወራሉ፤ ከአንድ ተማሪ መዋስም ይቻላል። ከፊዚክሱ የቬክተሩን ምዕራፍ፣ ከኢኮኖሚክሱ አንድ ምዕራፍ ትውሰድ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ለእያንዳንዱ ስድስት ሰዓት ትስጥ፤ ከዚያ በምዕራፉ መጨረሻ ያሉትን ጥያቄዎች መልስ ሳታይ ትሥራ። ነጥቡን ይመዝግቡ። ከነጥቡ እኩል የሚታይ ሌላ ነገር አለ፦ ማንም ሳይነግራት የከፈተችው መጽሐፍ የትኛው ነው? የ16 ዓመት ልጅ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ሁለት ዓመት በግፊት አትጓዝም።

ከሙከራው በፊት ሦስታችሁ ቁጭ ብላችሁ መስፈርቱን በወረቀት ጻፉ። ለምሳሌ እንዲህ፦ «ከአሥሩ የፊዚክስ ጥያቄዎች ስድስቱን ሙሉ በሙሉ ከሠራች፣ የቬክተሩ ፈተና ከ60 በላይ ከሆነና ከጎበኘቻቸው ሥራዎች የማሽኑን ወይም የጤናውን ከመረጠች ናቹራል። ሦስቱም ካልተሟሉ ሶሻል።» ውጤቱ ከወጣ በኋላ የተጻፈ መስፈርት ለውጤቱ ተብሎ የተሰፋ ይሆናል፤ አባት ቅር እንደተሰኘ ይቀራል። ቀድሞ የተስማማበት ግን ቃሉ ነው።

እኛ አስተያየት ስጡ ከተባልን፣ በጻፉልን ቁጥሮችና ልጅቷ በምትለው ላይ ተመስርተን ወደ ሶሻል እናደላለን፤ ከሒሳብና ከእንግሊዝኛ ጋር በብርቱ። ይህን የሚቀይር አንድ ነገር ቢኖር የፊዚክሱ ጉድለት የአልጀብራ ብቻ ሆኖ ልጅቷም የባቡሩን ሲግናል አይታ ዓይኗ ከበራ ነው። ያኔ ናቹራል ትግባ፤ ሁለተኛው አስጠኚ የፊዚክስ ይሁን። የጓደኞቿን ምርጫ በተመለከተ ረጅም ምክር አያሻም፦ የጓደኛ ቡድን በ11ኛ ክፍል በሴክሽን ይበተናል።

ሰዓቱን እንዴት ትከፋፍል ለሚለው፣ ከክፍል ውጭ በሳምንት 12 ሰዓት ካለፈ ልጅ ይሰለቻል፤ ከስምንት ካነሰ አይበቃም። ከ12ቱ አራቱ ለሒሳብ፣ ሦስቱ ለእንግሊዝኛ፣ አራቱ ለመስኩ ትምህርቶች፣ አንዱ ለአፕቲትዩድ ልምምድ። እንግሊዝኛው ሰዋስው መሸምደድ አይሁን፤ ግማሹ ንባብ ይሁን፣ ሰዓት ተይዞ፣ ከጥያቄ ጋር። የድሬን ቀትር አትታገሉት፤ ከሰዓት በኋላ በዚያ ሙቀት የተከፈተ መጽሐፍ ፊት ላይ ነው የሚወድቀው። ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ተኩል ሒሳብ፣ ማታ ከ1 እስከ 2 ሰዓት ንባብ ብትይዝ ይሻላል። ትምህርት ቤቷ በፈረቃ ከሆነ የማትማርበትን ግማሽ ቀን የጠዋቱን ቀዝቃዛ ክፍል ትያዝበት። ቤታችሁ ረመዳን የሚጾም ከሆነ በዚያ ወር ከባዱ ሥራ ከሱሑር በኋላ ወዳለው ሰዓት ይዙር።

ያለፉ ዓመታትን የብሔራዊ ፈተና ወረቀቶች ከአሁኑ ፎቶ ኮፒ ማስነሳት ጥሩ ነው፤ ሁለት ጥንቃቄ ግን አለው። የቆዩት ወረቀቶች ከአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በፊት የወጡ ስለሆኑ በመጽሐፏ ውስጥ የሌለ ምዕራፍ ያጋጥማታል፤ ያን ትዝለል። የሒሳቡ ወረቀት ደግሞ ለናቹራልና ለሶሻል ለየብቻ ነው፤ ገበያ ላይ ተቀላቅሎ ይሸጣል፣ ሽፋኑን ሳያዩ አይግዙ።

300 ባይሞላስ? ይህም በዕቅዱ ውስጥ ይግባ፤ ከአሁኑ የተነገራት ልጅ ያኔ አትሰበርም። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሬሜዲያል የሚባል የማካካሻ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል፤ ለዚያ የተቀመጠውን ነጥብ ያሟሉ ልጆች ተምረው ተፈትነው ካለፉ ወደ ፍሬሽማን ይሻገራሉ። ቴክኒክና ሙያም አለ፤ በደረጃ የሚወጣና በሲኦሲ፣ ማለትም በሙያ ብቃት ምዘና፣ የሚረጋገጥ ነው። የማሽኑን ሥራ ለመረጠች ልጅ ይህ ሁለተኛ ምርጫ ሳይሆን አንዳንዴ አጭሩ መንገድ ነው። የግል ኮሌጅ ካሰባችሁ ስለ ክፍያው ከመጠየቃችሁ በፊት፣ ባለፈው ዙር በዚያ ትምህርት ክፍል ስንት ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ ስንቱ እንዳለፈ ጠይቁ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ያንን ያላለፈ ዲግሪ አይዝም። ቁጥሩን ለመናገር የሚያቅማማ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል።

የቋንቋ ነገር ለድሬ ልጅ ለብቻው ያለ ሀብት ነው። ሶማሊኛና ኦሮምኛ ከሰፈር የያዘች ልጅ በጅቡቲ የንግድ መስመር ሥራ ላይ ከአዲስ አበባ ልጅ ቀድማ ትገኛለች፤ መናገሩ ካላት መጻፉን ትጨምርበት። ጅቡቲ የምትሠራው በፈረንሳይኛና በዓረብኛ ነው። ድሬዳዋ ፈረንሳይኛ የሚያስተምረው አሊያንስ አለ፤ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ባለው ክረምት ፈረንሳይኛ ብትጀምር ጥሩ ነው፣ 12ኛ ክፍል ላይ ግን ታቁመው።

የመጨረሻው የወረቀት ጉዳይ ነው። የመስክ መምረጫ ቅጹ መቼ እንደሚሞላ፣ 11ኛ ክፍል ከተጀመረ በኋላ መቀየር ይፈቀድ እንደሆነና እስከ ስንተኛው ሳምንት እንደሆነ ከርዕሰ መምህሩ ቢሮ አሁኑኑ ይጠይቁ፤ ይህ ከትምህርት ቤት ትምህርት ቤት ይለያያል። በዚያው ቀን የልጅዎ ስም፣ የአባትና የአያት ስም ጭምር፣ በ8ኛ ክፍል የምስክር ወረቀቷ፣ በካርዷና በፋይዳዋ ላይ በእንግሊዝኛ አንድ ዓይነት መጻፉን ይመልከቱ። አንድ ፊደል ከተለያየ ለማረም ጊዜው አሁን ነው፤ የ12ኛ ክፍል ፈተና ምዝገባ ሲደርስ የሚገኘው ሰልፍ ብቻ ነው።